ቀንና ሌሊት፦ ኒውግሬንጅ በአንዲት ቃል ባለቤቱን የቀየረበት ተረት

«ቤትህን ቀንና ሌሊት ስጠኝ» ያለ ሰው ስንት ጊዜ ሊቀመጥበት አስቦ ነው? ሰሚው ቸኩሎ «እንግዲህ ነገ ይለቅልኛል» ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው። አማርኛ ቀንን ቀን ብሎ ይተወዋል፤ አንድ ይሁን ሺህ፣ ካልቆጠሩት አይቆጠርም። የጥንቱ አይሪሽም እንደዚያው ነው፤ ከስም ፊት «አንድ» የምትል ቃል እንዲያስገባ የሚያስገድደው ሰዋስው የለውም። የአየርላንድ ዝነኛው የድንጋይ መቃብር በተረቱ ባለቤቱን የቀየረው በዚህችው በቀረች ቃል ነው። ይህን ቦታ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ማስረዳት ይከብዳል። ለእኛ ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቤት የተባለው ኒውግሬንጅ ነው። ከደብሊን ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሚዝ አውራጃ፣ የቦይን ወንዝ ታጥፎ በሚዞርበት ከፍታ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ኖውዝና ዳውዝ የሚባሉ ሁለት እኩዮቹ አሉ፤ አካባቢው በሞላ ብሩ ና ቦይንያ፣ «የቦይን አዳራሽ» ይባላል፤ ከ1993 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ኒውግሬንጅ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት 3200 ዓመት አካባቢ ነው። የግብጹ የኩፉ ፒራሚድ ሲጀመር ይህ ጉብታ የ600 ዓመት ገደማ ሽማግሌ ነበር። «ኒውግሬንጅ» የሚለው ስም ግን ከመቃብሩ ጋር ምንም የለውም፤ በ1142 የተመሠረተው የሜሊፎንት ገዳም ይዞት የነበረ እርሻ ስም ነው፤ «አዲሱ ጎተራ» እንደማለት።

በመካከለኛው ዘመን ተረቱን የጻፉት አየርላንዳውያን ቦታውን መቃብር ብቻ ብለው አላለፉትም። ከሰው በፊት አገሩን ይገዙ የነበሩትና በኋላ ከመሬት በታች የተሰወሩት የዳናን ነገዶች ቤተ መንግሥት አድርገው ሥለውታል። እኛ «ስውራን» ስንል በገዳም ጫካ የማይታዩትን ቅዱሳን እናስባለን፤ የእነሱ ስውራን ግን ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ የሰው ሚስት ይመኛሉ።

ነገሩም የተጀመረው በሰው ሚስት ነው። ቦአን የኤልክማር ሚስት ናት፤ የቦይን ወንዝ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ዳግዳ የሚባለው የነገዱ ታላቅ ወደዳት። ባልየውን መልእክት አስይዞ ወደ ሩቅ ላከው፤ ሲወጣም አስማት አደረገበት፦ ጨለማ እንዳይታየው፣ ረሃብና ጥም እንዳይሰማው። ኤልክማር በአንድ ቀን ደርሶ የተመለሰ መሰለው፤ በእውነቱ ዘጠኝ ወር አልፎ ነበር። በዚያች በረዘመች ቀን ቦአን ፀነሰች፣ ወለደችም። ማለዳ ተፀንሶ ሳይመሽ የተወለደ ልጅ በመሆኑ «ወጣቱ ልጅ» የሚል ቅጽል ወጣለት፤ ስሙ ኤንገስ ነው። ባልየው ሳያውቅ ልጁ ሚዲር ለሚባል ሌላ ጌታ በማደጎ ተሰጠ።

ልጁ አድጎ አባቱን ሲያውቅ ርስት ጠየቀ። ዳግዳ መከረው። ሳምሐን በሚባለው በዓል፣ ክረምታቸው በሚገባበት ዕለት፣ ሰው ሁሉ በሰላም ስለሚውል መሣሪያ አይያዝም። ኤልክማር ካባውን በወርቅ መርፌ አስይዞ፣ በእጁ የነጭ ሐዘል እንጨት ባላ ብቻ ይዞ ወጣቶች ሲጫወቱ ያያል። ኤንገስ ታጥቆ ይሄድበታል፤ እገድልሃለሁ ይለዋል፤ ግን አይገድለውም። የሚጠይቀው ንግሥናውን ለቀንና ለሌሊት ብቻ ነው። ባላ የያዘ ሰው ሰይፍ ለያዘ ሰው ምን ይላል? እሺ አለ።

በማግስቱ ኤልክማር ቤቴን ልቀቅ ብሎ መጣ። ኤንገስ ጉዳዩ በዳግዳ ፊት ካልታየ አልለቅም አለ። ፍርዱም ወጣ፦ ዓለም የሚያልፈው በቀንና በሌሊት ነው፤ ቀንና ሌሊት የተሰጠው ሁሉን ተሰጥቷል። ለኤልክማር በአካባቢው ሌላ ቦታ ተተካለት። በሌላ አጭር ቅጂ ተታላዩ ኤልክማር ሳይሆን ራሱ ዳግዳ ነው፤ ርስት ሲያከፋፍል ልጁን ረሳው፣ ልጁም በዚያችው ቃል አባቱን አስወጣው። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። በመጀመሪያው ቅጂ ሰይፉ ነገሩን ያበላሻል፤ ሰይፍ ያለው ሰው ህብረ ቃል ምን ያደርግለታል? በሁለተኛው ግን ያለው ቃል ብቻ ነው። ሰሙ የአንድ ቀን ማደሪያ፣ ወርቁ ዘላለም። ቅኔ ያደመጠ ጆሮ ይህን ጨዋታ በቶሎ ይለየዋል።

ልብ በሉ፦ ልጁ የተወለደው ቀን ተለጥጦ፣ ቤቱን የወሰደውም ቀን ተለጥጦ ነው። ቤቱ ራሱ ደግሞ የተሠራው ቀን ከሁሉ አጥሮ የሚታይበትን ጠዋት ለመያዝ ነው።

ይህን ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት ይገባል፤ ምክንያቱም የእኛ ፀሐይ እንዲህ አታስጨንቅም። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህም ነው ንጋትን 12 ሰዓት ብለን ቆጠራችንን በልበ ሙሉነት የምንጀምረው። ቦይን ወንዝ ላይ ግን የበጋው ቀን 17 ሰዓት ሲደርስ የክረምቱ 7 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ከበጋ ጀምሮ ፀሐይ የምትወጣበት ነጥብ በአድማስ ላይ በየቀኑ ወደ ደቡብ ይሸሻል፤ እስከ ዲሴምበር 21 አካባቢ (በእኛ ታኅሣሥ 12) ሸሽቶ ጥቂት ቀን የቆመ ይመስላል፤ ከዚያ ይመለሳል። እህል ዘርቶ ከብት አርብቶ ለሚኖር ገበሬ «ትመለሳለች ወይ?» የሚለው ጥያቄ የፍልስፍና አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጉብታው 85 ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ዙሪያውን 97 ትልልቅ ድንጋዮች ገጥመው ከበውታል። በደቡብ ምሥራቅ በኩል በር አለ፤ ከበሩ 19 ሜትር የሚሄድ ጠባብ መተላለፊያ ወደ እልፍኙ ይወስዳል። እልፍኙ በሦስት በኩል ሦስት ጓዳ ስላለው ከላይ ሲታይ መስቀል ይመስላል። ዋናው ምስጢር ወለሉ ላይ ነው፦ ከደጅ እስከ እልፍኝ ሁለት ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ በበሩ የገባ ብርሃን መሃል መንገድ ላይ ወለሉን መትቶ ይቀራል። እልፍኙን ለመድረስ ብርሃኑ ከበሩ ከፍ ብሎ መግባት አለበት። ሠሪዎቹም ከበሩ ጉበን በላይ፣ ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የድንጋይ ሳጥን ሠርተው ከሥሩ ጠባብ ስንጥቅ ተዉ። የስንጥቁ ከፍታና የእልፍኙ ወለል አንድ ልክ ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ወለሉ፣ ስንጥቁና ከወንዙ ማዶ ያለው ኮረብታ አስቀድሞ በአንድ መስመር መለካት ነበረባቸው።

ሳጥኑ በተናደው ድንጋይ ተቀብሮ ለሺህ ዓመታት ቆይቶ ነው በ1963 የተቆፈረው። ቁፋሮውን የመራው ማይክል ኦኬሊ፣ ፀሐይ ወጥታ ውስጡን ታበራለች የሚል ወሬ ከጎብኚዎች ይሰማ ነበር፤ ከእንግሊዙ የድንጋይ ክበብ ከስቶንሄንጅ ጋር አምታተውት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። በ1967 ዲሴምበር 21 ግን ብቻውን ገብቶ ጠበቀ፤ ብርሃኑም መጣ። በ1969 በሰዓት እየለካ የመዘገበውን በዛሬው የአየርላንድ የክረምት ሰዓትና በእኛ አቆጣጠር ላስቀምጠው፦ ከጠዋቱ 2፡54 ላይ የፀሐይ ጫፍ ከኮረብታው ብቅ አለች። 2፡58 ላይ የእርሳስ ውፍረት ያህል ብርሃን በስንጥቁ ገብቶ እልፍኙን አቋርጦ፣ በመጨረሻው ጓዳ ያለውን የድንጋይ ገበቴ የፊት ጠርዝ ነካ። መስመሩ እየሰፋ 17 ሳንቲ ሜትር ደረሰ፤ ከወለሉ የተንጸባረቀው ብርሃን የጓዳዎቹን ዝርዝርና የጣሪያውን ጫፍ ሳይቀር አሳየ። 3፡04 ላይ መጥበብ ጀመረ፣ 3፡15 ላይ ተቆረጠ። በድምሩ 17 ደቂቃ።

አራቱ ደቂቃዎች፣ ከ2፡54 እስከ 2፡58፣ የምድር ዕዳ ናቸው። የምድር ዘንግ ጋደል በ5,000 ዓመት ውስጥ በግማሽ ዲግሪ ያህል ቀንሷል፤ በሠሪዎቹ ዘመን ጨረሩ የሚገባው ፀሐይ ብቅ እንዳለች ነበር፣ ዘልቆም የኋለኛውን ጓዳ ይመታ ነበር። ከመተላለፊያው ድንጋዮች አንዳንዶቹ ወደ ውስጥ በማዘንበላቸውም ጨረሩ ከጥንቱ ጠቧል። በዚያ ጓዳ ቀኝ ግድግዳ ላይ በመጽሐፍ ሽፋን የምታውቁት ባለ ሦስት ጥምዝ ቅርጽ አለ። ብዙ ሰው ጨረሩ እሱ ላይ የሚያርፍ ይመስለዋል፤ ቀጥታ አያርፍበትም፣ የሚያየው ነጸብራቁን ነው።

ስለ ብርሃኑ ብዙ ይወራል፤ ስለ ውኃው ግን የሚያወራ የለም፤ ለእኔ ከብርሃኑ ይልቅ የሚያስደንቀው ውኃው ነው። አየርላንድ ዝናብ የሚያባራባት አገር አይደለችም። በላይህ ላይ የጉብታው ድንጋይና አፈር፣ በሞላው 200,000 ቶን የሚገመት፣ ተጭኖ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ቆርቆሮ፣ እንዴት አያፈስም? ጣሪያው 6 ሜትር ይደርሳል። እያንዳንዱ የድንጋይ ድርብ ከታችኛው ትንሽ ወደ ውስጥ እየገፋ፣ በኋላው በጉብታው ክብደት እየተያዘ፣ እየጠበበ ሄዶ በአንድ ክዳን ድንጋይ ይዘጋል። ድንጋዮቹ የተቀመጡት ውጫዊ ጫፋቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ የሰረገ ውኃ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲወርድ። የመተላለፊያው ክዳኖች ደግሞ በጀርባቸው ላይ አሸንዳ ተፈልፍሎላቸዋል፤ አንዱ ለሌላው እያቀበለ ውኃውን ወደ ጎን ይገፋዋል። በመጋጠሚያው መካከል ያለውን ክፍተት በተቃጠለ አፈርና በባሕር አሸዋ መርገውታል። ኦኬሊ የሕንፃውን ዕድሜ በራዲዮካርበን ያሳወቀው ከዚያ የተቃጠለ አፈር ነው፤ ምርጉ ቀን ጽፎ አቆየልን ማለት ነው። እልፍኙ ዛሬም ደረቅ ነው።

አሸንዳዎቹ የተፈለፈሉት ደግሞ ማንም በማያያቸው ቦታ ነው። ጌጡም እንደዚያው፤ አንዳንዶቹ ድንጋዮች ወደ ጉብታው በዞረው ጀርባቸው ላይ ጥምዝና ዝግዛግ ተቀርጾባቸው ተገኝተዋል፤ ከተቀመጡበት ቀን ጀምሮ ማንም ያላየው ጥበብ። ብረት በሌለበት ዘመን ይህ ሁሉ በድንጋይ ድንጋይን እየነቀሱ የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ስህተቱ። ፎቶግራፉን ያየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው በፊት ለፊት የቆመውን ነጭ ግድግዳ ነው፤ 3 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመ ኳርትዝ፣ መሃል መሃሉ ላይ ግራጫ ክብ ድንጋይ የተሰካበት። ድንጋዮቹ ጥንታዊ ናቸው፤ ኳርትዙ ከደቡብ ከዊክሎ ተራሮች፣ ክቦቹ ከሰሜን የባሕር ዳርቻ እንደመጡ ይታመናል። ግድግዳው ግን የ1970ዎቹ ነው። ቁፋሮው ኳርትዙን ያገኘው በጉብታው እግር ሥር መሬት ላይ ተንጥፎ ነው፤ ኦኬሊ «ቆሞ የነበረ ግድግዳ ተንዶ ነው» ብሎ ደመደመ፤ ሞክሮ ሠርቶ አፈራርሶ አየ፤ ከዚያ በብረትና በኮንክሪት አስደግፎ አቆመው። ክርክሩ ከዚህ ይነሳል፦ ያለ ኮንክሪት እንዲህ ቀጥ ብሎ የማይቆም ነገር ያኔ እንዴት ቆመ? በጎረቤቱ ኖውዝ የቆፈረው ጆርጅ ኢዮጋን ተመሳሳይ ኳርትዝ ሲያገኝ መሬት ላይ እንደ ንጣፍ ተወው። እኔ ኢዮጋን ትክክል ይመስለኛል፤ ግን ማስታወቂያው ላይ የሚታየው የኦኬሊ ግድግዳ ነው። በበሩ ግራና ቀኝ ወደ ውስጥ የታጠፈው ጥቁር ግድግዳም ለጎብኚ መተላለፊያ ሲባል የተሠራ አዲስ ነው፤ በጥንቱ ጊዜ የሚገባ ሰው በጥምዝ ያጌጠውን የደጅ ድንጋይ ወጥቶበት ነበር የሚያልፈው። የመተላለፊያው ድንጋዮችም ዘመው ስለነበር ብዙዎቹ ተቃንተዋል፤ ከላያቸው ክብደቱን የሚሸከም ኮንክሪት ተሠርቷል። የእልፍኙ ጣሪያ ግን ጥንት እንደነበረው ነው። ጎብኚ ይህን ለይቶ ቢገባ የሚያየውን ያውቃል።

እስከ 1699 ድረስ በሩም በናዳ ተዘግቶ ነበር። የመሬቱ ባለቤት ቻርልስ ካምቤል ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ሲያስለቅም ነው ሠራተኞቹ መግቢያውን ድንገት ያገኙት፤ የዌልሱ ሊቅ ኤድዋርድ ልዊድ በዚያው ዓመት አይቶ ጻፈው። የድንጋይ ለቃሚ ስግብግብነት ለአንድ ጊዜ ጠቀመ።

ከኒውግሬንጅ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ዳውዝ የራሱ ተረት አለው፤ የበለጠ የከበደ። ብሬሳል በሚባል ንጉሥ ዘመን የከብት በሽታ ገብቶ አንድ በሬና ሰባት ላሞች ብቻ ተረፉ። ንጉሡ የአየርላንድን ወንዶች ሰብስቦ ወደ ሰማይ የሚደርስ ግንብ ሥሩልኝ አለ፤ ጽሑፉ ራሱ ናምሩድን ይጠቅሳል። ሰዎቹ ለአንድ ቀን ብቻ እንሠራለን አሉ። እዚህም ቀን! እህቱ በአስማት ፀሐይን አቆመች፤ እንደ ኢያሱ በገባዖን። ቀኑ አላልቅ አለ። ከዚያ ንጉሡ በምኞት ተሸንፎ ከእህቱ ጋር ተኛ፤ አስማቱ ፈረሰ፣ ጨለማ ወደቀ፣ ሠራተኛው መሣሪያውን ጥሎ ሄደ። «ጨለማ» የቦታው ስም ሆኖ ቀረ፤ ዱባድ፣ ዛሬ ዳውዝ። ሌላ ስሙም የዝምድና ኃጢአት ጉብታ እንደማለት ነው።

በ2020 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ጥናት ከኒውግሬንጅ ጓዳ የተገኘ የአንድ ሰው የራስ ቅል ስብርባሪ ዘረ መል አነበበ። ሰውየው ወላጆቹ ወንድምና እህት፣ ወይም ወላጅና ልጅ ነበሩ። ወሬው በአንድ ቀን ዓለምን ዞረ፦ ተረቱ 4,000 ዓመት አስታውሷል!

ያጓጓል፤ እኔ ግን አልገዛውም። የዳውዝ ተረት የተሠራው «ዱባድ» በሚለው የአይሪሽ ቃል ላይ ነው፤ መቃብሮቹ ሲሠሩ ደግሞ ያ ቋንቋ በደሴቲቱ አልነበረም። ሕዝቡም ቢሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2500 ዓመት አካባቢ በኋላ በመጡ ሌሎች በአብዛኛው ተተክቷል፤ ማን ለማን ነገረው? የጻፉት መነኮሳት መጽሐፍ ቅዱስ በእጃቸው ነበር፤ ናምሩድም የቆመችው ፀሐይም ከዚያ ናቸው። እኛም አገር የቦታ ስም በተነሳ ቁጥር «ንጉሡ እዚህ ሲደርሱ እንዲህ ቢሉ…» የሚል አይጠፋም። በ2025 ሌሎች አርኪዮሎጂስቶች ሰውየው በዚያ ወሬ «ንጉሥ» መባሉንም ተቃውመዋል፤ ያለን አንድ ስብርባሪ አጥንት ነው፤ ሙሉ ቀብር አይደለም፤ ቁፋሮው በጠቅላላው ያገኘውም የአምስት ሰዎች ያህል ቅሪት ነው፣ ከፊሉ የተቃጠለ። አንድ ነገር ግን ያሳክከኛል። የዳውዝ ደቡባዊ እልፍኝ የሚያየው በዚያው ዲሴምበር ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ኒውግሬንጅ የአጭሯን ቀን ንጋት ይቀበላል፣ ዳውዝ ምሽቷን፤ ተረቱም ጨለማን የሚያወርደው ዳውዝ ላይ ነው።

ለማየት የምትሄዱ፦ መኪና ይዞ እስከ ጉብታው መድረስ የለም። ትኬቱም መነሻውም በወንዙ ደቡብ ያለው የጎብኚዎች ማዕከል ነው፤ በእግረኛ ድልድይ ተሻግሮ አውቶቡስ ይያዛል። ወደ እልፍኙ መግባት የሚያስችለው ትኬት ለብቻው ስለሆነና ውስጡ ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚይዝ አስቀድማችሁ ያዙ። ቦርሳ ይዞ መግባትም ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው፤ መተላለፊያው ትከሻ የሚያስጠጋ፣ አንገት የሚያስደፋ ስለሆነ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ከውጭ ቢቆይ ይሻለዋል። አስጎብኚው መብራት አጥፍቶ በአምፖል ጨረሩን ያስመስላል። እውነተኛውን ለማየት በየዓመቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ዕጣ ይገባል፤ ዕጣውን የሚያወጡት የአካባቢው ተማሪዎች ናቸው። ዕጣ የደረሰውም ደመና ከሆነ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ይወጣል፤ ትኬቱ ፀሐይን አያስገድድም።

ከገባችሁ ስትወጡ ቀና ብላችሁ ከበሩ በላይ ያለውን ስንጥቅ እዩት። በሩ በትልቅ ድንጋይ ይዘጋ ነበር፤ ስንጥቁ ግን በሁለት የኳርትዝ ድንጋዮች ነበር የሚዘጋው፣ አንዱ በቦታው ተገኝቷል። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ተፋፍቋል። ድንጋዮቹ ብዙ ጊዜ ወጥተው ገብተዋል። በሩ በሟቾቹ ላይ ከተዘጋ በኋላም አንድ ሰው ክረምት ሲመጣ ጉብታው ላይ እየወጣ ያን ነጭ ድንጋይ ይስብ ነበር፤ ውስጥ የሚያይ ሕያው ሰው በሌለበት።